ሳይተላለፍ የቀረው አስቂኝ ፊልምና የቤታችን ሳቅ

(በሬዲዮ ፕሮግራማችን የቀረበ ንግግር)

ቢስሚላህ። ምስጋና ሁሉ ለዓለማት ጌታ ለአላህ (ሱ.ወ.) ይሁን። የአላህ ሰላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ። 

ባለፈው ሳምንት አንዲት እናት ደውለውልን ነበር። ልጃቸው ከጓደኞቹ ጋር ሳሎን ተቀምጦ በስልክ አንድ አጭር ፊልም ያያል። ፊልሙ ላይ ቄስ መስሎ የለበሰ ሰው እየተንገዳገደ ያስቃል። እናትየዋ «ዝጋው» ቢሉት ልጁ «እማዬ፣ የእኛ እኮ አይደለም! በእኛ ሃይማኖት ሲቀልዱ ነው እንጂ መናደድ» ብሎ መለሰላቸው። የእናትየዋ ጥያቄ አጭር ነበር፤ «ምን ልበለው?» የሚል።

በዚያ ሰዓት የሰጠናቸው መልስ የችኮላ ነበር፤ እኛንም አላረካንም። ቤት ገብተን ስናወጣ ስናወርድ አንድ የቆየ ነገር ትዝ አለን። ከተፈጸመ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። የሆነውም እንግሊዝ አገር ስለሆነ ዓመታቱን በአውሮፓውያን አቆጣጠር እንናገራለን።

ቢቢሲ ያኔ ለወጣቶች ብሎ አዲስ በከፈተው «ቢቢሲ ሦስት» በተባለው ጣቢያው የሚተላለፍ አንድ ተከታታይ የካርቱን ፊልም አሠርቶ ነበር። ስሙ «ፖፕታውን» ይባላል፤ «የጳጳሱ ከተማ» እንደ ማለት ነው። 10 ክፍል ነበረው። የታሪኩ ቦታ ቫቲካንን የመሰለ ከተማ ሲሆን፣ ቤተ ክህነቱ ልክ እንደ አንድ የተበላሸ መሥሪያ ቤት ሆኖ ይታያል። ካርዲናሎቹ ገንዘብ ወዳድና ተንኮለኛ ናቸው። ጳጳሱ ደግሞ ያረጁ ሆነው ሳለ እንደ ሕፃን የሚነጫነጩ፣ ሞላ ባለው ዱላ ላይ ቆመው እየነጠሩ የሚጫወቱ ተደርገው ተስለዋል። ድምፃቸውን የሰጠችው ሩቢ ዋክስ የተባለች ቀልደኛ ሴት ናት። አንድ ምስኪን ቄስ የሳቸውን ነገር ሕዝብ እንዳያውቅባቸው ሲሸፋፍን ይውላል። ቀልዱ ይኸው ነው።

ልብ በሉ፣ ፊልሙ በሚሠራበት ዘመን የካቶሊኮች መሪ የነበሩት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ ዳግማዊ በሕመም ደክመው፣ እጃቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ንግግራቸው እየተቆራረጠ በሕዝብ ፊት የሚቀመጡ አዛውንት ነበሩ። ሚያዝያ 2 ቀን 2005 አረፉ። የፊልም ሠሪዎቹ «የእኛው ጳጳስ በምናብ የተፈጠረ ነው» ይሉ ይሆናል። ይሁንና ሽበትን ማክበር ከወተት ጋር የጠጣን ሰዎች ይህን ስንሰማ ሃይማኖቱን ገና ሳናነሳ አንድ ነገር ይሰቀጥጠናል።

የእንግሊዝ ካቶሊኮች ፊልሙ ሳይተላለፍ ገና ወሬውን ሲሰሙ ተቃወሙ። ደብዳቤ ጻፉ፤ ፊርማም አሰባሰቡ። በመስከረም 2004 የጣቢያው ኃላፊ ስቱዋርት መርፊ ፊልሙ እንደማይተላለፍ አስታወቁ። ገንዘብ ወጥቶበት፣ ድምፅ ተቀድቶለት ያለቀ ሥራ አንድም ቀን በጣቢያው ሳይታይ ቀረ።

የሰጡት ምክንያት ነው እስከ ዛሬ ከአእምሯችን ያልወጣው። ፍሬ ነገሩ እንዲህ ነው፤ ያለቀው ሥራ የሚያመጣው ሳቅ ሊያስከትለው ከሚችለው ቅያሜ አይበልጥም፣ ስለዚህ አናስተላልፈውም ነው ያሉት። ይህን አነጋገር ረጋ ብላችሁ መርምሩት። «የሰው እምነት ላይ መሳለቅ ነውር ነው» አላሉም። ሚዛን አቆሙ። ባንዱ ወገን ሳቁን፣ በሌላው ወገን የሰውን ልብ ስብራት አስቀመጡ፤ ሳቁም ቀለለባቸው። ታዲያ ፊልሙ ትንሽ ጨመር አድርጎ ቢያስቅ ኖሮስ?

ለዚህ ጥያቄ መልሱ የተገኘው አራት ወር እንኳ ሳይሞላ ነው። በጥር 8 ቀን 2005 ሌላው የቢቢሲ ጣቢያ፣ ቢቢሲ ሁለት፣ በጄሪ ስፕሪንገር ስም የተሰየመውን የመድረክ ሙዚቃዊ ቲያትር አስተላለፈ። ቲያትሩ ክርስቲያኖች የሚያመልኩትን ኢየሱስንና እናቱን ማርያምን በማይገባ መልክ መድረክ ላይ ያወጣ ነው። ከ50 ሺህ በላይ ቅሬታ ቀረበበት፤ አብዛኛው እንዲያውም ከመተላለፉ በፊት የደረሰ ነበር። ሆኖም ተላለፈ። ቲያትሩ ለንደን ውስጥ የተሸለመ፣ አዋቂ ነን የሚሉ ሰዎች ያደነቁት ሥራ ነበርና ሳቁ ሚዛን ደፋ ማለት ነው። እንግዲህ እዚያ ሚዛን ላይ የሚከብደውና የሚቀለው ሳቁ እንጂ የተጎጂው ቁጥር እንዳልሆነ ከዚህ እንረዳለን።

ቢቢሲን ለመውቀስ ብለን አይደለም ይህን ያነሳነው። እነሱስ ቢያንስ መዝነዋል። በየቤታችን ግን ሚዛኑም የለም፤ ያሳቀን ሁሉ ይለፍ ተብሎ ያልፋል። ወደዚህ ኋላ እንመለስበታለን።

እኛ በዚያን ጊዜ የኮሌጅ ተማሪዎች ነበርን። በየካቲት 2006 የዴንማርኩ ጋዜጣ ያወጣቸው፣ ነቢያችንን (ሰ.ዐ.ወ) የሚዘልፉ ሥዕሎች ዓለምን ሲያናውጡ፣ ሥዕሎቹ በመጀመሪያ የታተሙት መስከረም 30 ቀን 2005 ነው፣ በጓደኞቻችን መካከል አንድ ወሬ ይነገር ነበር። «ለክርስቲያኖቹ ሲሆን ፊልሙን ዘጉላቸው፤ የእኛ ሲሆን የሐሳብ ነፃነት ነው ይሉናል» የሚል። እኛም ራሳችንን ነቅንቀናል። ለዚህ አባባል ማስረጃ የሚሆን ነገርም አልጠፋም። ያው የዴንማርክ ጋዜጣ በ2003 አንድ ሠዓሊ በኢየሱስ ላይ የሚቀልዱ ሥዕሎች ይዞለት ቢሄድ፣ አንባቢዎቻችን አይወዱትም፣ ቁጣ ይቀሰቅሳል ብሎ መልሶታል። ይህ እውነት ነው፤ ያናድዳልም።

ነገር ግን ግማሽ እውነት ይዞ መሄድ ለሙእሚን አይገባውም። ፖፕታውን በእርግጥ ተዘግቶ ቀረ ወይ? አልቀረም። በሰኔ 2005 ኒውዚላንድ ውስጥ ሲ ፎር የተባለ ጣቢያ አስተላለፈው። የዚያ አገር የካቶሊክ ጳጳሳት አቤት ቢሉም የብሮድካስት ተቆጣጣሪው አቤቱታቸውን አልተቀበለም። በዚያው ዓመት እንግሊዝ ውስጥም በዲቪዲ ተሸጠ። በግንቦት 2006 ደግሞ ጀርመን አገር ኤም ቲቪ ሊያስተላልፈው ተነሳ። የሙኒክ ሊቀ ጳጳስ ጽሕፈት ቤት እንዲታገድ ለፍርድ ቤት አመለከተ፤ ፍርድ ቤቱ ግን አላገደውም። ግንቦት 3 ቀን የመጀመሪያው ክፍል ታየ፤ ከሱ ተያይዞም የክርክር ፕሮግራም ተካሄደ። የካቶሊኮቹ ጎረቤት ሆነን ብናየው ኖሮ «ለእነሱ ሲሆን ዘጉላቸው» ለማለት አንደፍርም ነበር።

አሁን ደግሞ ያ ልጅ «የእኛ አይደለም» ያለውን እናንሳ። ኤም ቲቪ ለዚህ ፊልም ያወጣው ማስታወቂያ ምን ይመስል ነበር? ባዶ መስቀል ከኋላ ቆሟል፤ ከፊቱ ኢየሱስ ከመስቀሉ ወርዶ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቴሌቪዥን እያየ ይስቃል። በሥሩም፣ ከመንጠልጠል መሳቅ ይሻላል እንደ ማለት ያለ ጽሑፍ ተጽፎበታል። የታተመው ክርስቲያኖቹ የስቅለትና የፋሲካ በዓላቸውን በሚያከብሩበት ሰሞን ነበር።

ሱብሃነላህ! ይህ የማን ነው? እኛ ዒሳ (ዐ.ሰ) ተሰቀሉ ብለን አናምንም፤ አምላክም ናቸው አንልም። ነገር ግን የአላህ ነቢይ፣ የመርየም ልጅ ናቸው፤ በእሳቸው ያላመነ ሙስሊም አይባልም። እናታቸው በስማቸው የቁርኣን ሱራ የተሰየመላቸው ሴት ናቸው። በየሰፈራችን ስንት ዒሳ፣ ስንት መርየም አለ? በዚያ ሥዕል የሳቀ ሙስሊም በጎረቤቱ የሳቀ መስሎት በራሱ ነቢይ ስቋል። ልጁ በስልክ ያየው ፊልም እዚህ ድረስ አይደርስ ይሆናል። ይሁንና «የእኛ አይደለም» የሚለው አጥር የት ላይ እንደሚያልቅ ሳያውቁ መሳቅ እንዲህ ያለ ቦታ ያደርሳል።

ሃይማኖታችን በዚህ ጉዳይ ዝም አላለም። በሱረቱል አንዓም 108ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ.) ሙስሊሞችን የከለከላቸው ሌሎች ሰዎች ከአላህ ሌላ የሚጠሯቸውን እንዳይሰድቡ ነው። ምክንያቱንም አያይዞ ነግሮናል፤ እነዚያም በበኩላቸው በጥላቻና ባለማወቅ አላህን እንዳይሰድቡ። እዚህ ላይ የተነሡት ጣዖታት እንኳ ናቸው። ጣዖት እውነት ስለሆነ አይደለም የተከለከለው፤ ስድብ ተመላልሶ ወዴት እንደሚሄድ ስለሚታወቅ ነው። ሱረቱል ሑጁራት ደግሞ በ11ኛው አንቀጽ ሕዝብ በሕዝብ እንዳይሳለቅ ይከለክላል፤ የተሳለቁበት ሰው ከተሳላቂው የተሻለ ሊሆን ይችላልና። «ይችላል» መባሉን እዩ። የሚስቅ ሰው ይህን ጥርጣሬ ነው የሚያጣው፤ እኔ እሻላለሁ ብሎ ካልተቀመጠ በቀር በሌላው አይስቅም።

በራሳችን ሃይማኖት ሲቀለድስ? በሱረቱ ኒሳእ 140ኛው አንቀጽ የተሰጠው ትእዛዝ አብረን እንዳንቀመጥ ነው። ያውም ወደ ሌላ ወሬ እስኪገቡ ድረስ የሚል ወሰን አለው። ተነሣ ተባልን እንጂ ወንበሩን ስበር፣ ቤቱን አቃጥል አልተባልንም። ይህን የምንለው በ2006 የሆነውን ስለምናስታውስ ነው። ደማስቆ ላይ ኤምባሲ ተቃጠለ። ናይጄሪያ ውስጥ ማይዱጉሪ በምትባል ከተማ በየካቲት 18 ቀን አብያተ ክርስቲያናት ተቃጠሉ፤ ሰዎች ተገደሉ። የማይዱጉሪ ክርስቲያን ከዴንማርክ ጋዜጣ ጋር ምን አገናኘው? ሥዕሉንም አላየው፣ ጋዜጣውንም አያውቀው። ይህ በነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ስም ተደረገ። ስለ ሥዕሎቹ ስናወራ ይህንንም አብረን ካላወራን ወሬያችን ጎደሎ ነው። የእንግሊዝ ካቶሊኮች ብዕር አነሱ፤ የጀርመኖቹ ጠበቃ አቆሙ። አንዳንዱ ተሳካላቸው፣ አንዳንዱ አልተሳካም። ያልተሳካላቸው ቀንም ወደ ቤታቸው ገቡ።

«ታዲያ ኢማሙ ሳቅ ሊከለክሉን ነው» የሚል አድማጭ አይጠፋም። እንዴት ተደርጎ! ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ይቀልዱ ነበር፤ ሲቀልዱም ከእውነት አይወጡም። አንድ ሰው የሚጫንበት እንስሳ ቢጠይቃቸው የግመል ልጅ ላይ እንደሚያስቀምጡት ነገሩት። ሰውየው ግልገል መስሎት ግራ ሲጋባ፣ የትኛዋስ ግመል ብትሆን የግመል ልጅ አይደለችም ወይ ብለው አሳቁት። በመድረሳ ሳለን ይህን ሐዲስ ያስተማሩን ኡስታዛችን አለንጋቸውን አስቀምጠው ከእኛ ጋር ሲስቁ ያየናቸው ያን ቀን ብቻ ነው። በዚህ ቀልድ ውስጥ ማን ተዋረደ? ሰውየው ግመሉንም አገኘ፣ ሳቁንም አገኘ።

በራስ መሳቅም አለ። በጥር 2007 የካናዳ ቴሌቪዥን ሲቢሲ ዛርቃ ናዋዝ የተባለች ሙስሊም ሴት የፈጠረችውን አስቂኝ ተከታታይ ድራማ ማሳየት ጀመረ። ስሙ «ሊትል ሞስክ ኦን ዘ ፕሬሪ» ነው፤ በሜዳው ላይ ያለች ትንሽ መስጊድ ማለት ነው። በአንዲት የገጠር ከተማ ጥቂት ሙስሊሞች የቤተ ክርስቲያን አዳራሽ ተከራይተው ይሰግዳሉ። በወንዶችና በሴቶች መካከል መጋረጃ ይኑር አይኑር ብለው ይጣላሉ። የመስጊድ ኮሚቴ ስብሰባ ገብቶ የሚያውቅ ሰው ያን አይቶ ካልሳቀ ይገርመናል። ሁሉን ነገሩን ወደነዋል ማለታችን አይደለም፤ ለልጆች የማናሳየው ክፍልም አለው። ግን እስከ 2012 የቆየው ያ ድራማ የሚስቀው ከቤቱ ሰዎች ጋር ሆኖ ነው። ፖፕታውንን የሠሩት ሰዎች ከማን ጋር ሆነው እንደሚስቁ ለማወቅ ግን ካቶሊኮቹን መጠየቅ ብቻ በቂ ነው።

ለደወሉት እናት እንግዲህ ይህን እንበል። ልጅዎን «ሐራም ነው» ብለው ብቻ አይለፉት፤ ስልኩንም አይንጠቁት። «ይህን ፊልም የክፍል ጓደኛህ፣ ያ ማዕተብ ያሰረው፣ አጠገብህ ተቀምጦ ቢሆን ትከፍተው ነበር?» ብለው ይጠይቁት። «አልከፍተውም» ካለ መልሱን ራሱ አግኝቶታል። «እከፍተዋለሁ» ካለ ግን ነገሩ ከፊልሙ ይብሳልና አባቱም ይጨመሩበት። ቢቢሲን ያህል ጣቢያ ሁለት ጊዜ መዝኖ ሁለት ዓይነት ውጤት ያገኘበትን ነገር አንድ የ14 ዓመት ልጅ ብቻውን ይመዝነዋል ብለን መተው አይገባንም።

ቅድም ወደ ቤታችን እንመለሳለን ብለን ነበር። ይህን ለመናገር ከባለቤታችን ጋር ተመካክረናል፤ «ተናገረው» ብላለች።

ባለፉት ዓመታት ረመዳንና የክርስቲያኖቹ ሁዳዴ ተገናኝተው እንደነበር ታስታውሳላችሁ። ከነዚህ ዓመታት ባንዱ፣ በዒድ ቀን፣ ዘመድ አዝማድ ቤታችን ተሰብስቧል። ከግድግዳችን ማዶ የሚኖሩ አንዲት ክርስቲያን እናት አሉ፤ ልጆቻችንን አዝለው ያሳደጉ ናቸው። በየዒዱ መጥተው እንኳን አደረሳችሁ ሳይሉን አይውሉም። ያን ቀን ጾመኛ ስለሆኑ ባለቤታችን ለብቻ በዘይት ሽሮ ሠርታ ምድጃው ላይ አስቀምጣላቸዋለች። እኛ ሳሎን ነን። አንድ ጨዋታ አዋቂ ዘመዳችን ስለ ሁዳዴና ስለ ቅቤ አንድ ቀልድ ጀመረ። ቀልዱን አንደግመውም። ያስቃል፤ ሳቅን። ኢማም ነን፣ በዚያው ጧት ሚንበር ላይ ቆመን ስለ ጎረቤት ሐቅ ኹጥባ አድርገናል፤ ግን እንባችን እስኪወርድ ሳቅን።

ቀና ስንል እሳቸው በር ላይ ቆመዋል። በእጃቸው በሰፌድ ቆሎ ይዘዋል።

«ሳቃችሁን አታቋርጡ፣ በዓል አይደል» አሉና ገቡ። ሰፌዱን አስቀመጡ። ቡና ተፈልቶ ነበርና አቦሉን ጠጡ። ቶናውን አልጠበቁም፤ «ጉልበቴን አሞኛል» ብለው ተነሱ። ሽሮው ቀርቦ ሳይበሉት ቀረ። ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ያህል በአጥሩ ላይ ቡና ጠጡ ስንል «እሺ፣ እመጣለሁ» ይላሉ፣ አይመጡም።

በመጨረሻ ባለቤታችንና እኛ አብረን ሄድን። ማታ ነው፤ መብራት ጠፍቶ ስለነበር በሻማ ተቀምጠዋል። ምን እንደመጣን ገብቷቸዋል። «እማማ፣ አፉ በሉን» አልናቸው። «ይቅር ለእግዜር» አሉ ወዲያው፤ እንዲያውም እኛን ለማቀፍ ተነሱ። ከዚያ ተቀምጠው ትንሽ ቆዩና «እኔን ያሳዘነኝ ቀልዱ አይደለም፤ ከጓዳ የሽሮው ሽታ እየመጣ ነበር» አሉ።

ምን ብለን እንደምንመልስ አላወቅንም። ባለቤታችን ግን ሰፌዳቸውን መልሳ ይዛ መጥታ ነበርና ጭናቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ባዶውን አልነበረም፤ ለፋሲካቸው የሚሆን አዲስ የጀበና ማስቀመጫ ማቶት ከነስፌቱ አድርጋበታለች። እያገላበጡ በሻማው ብርሃን ሲያዩት ቆዩና ቡና እንድንጠጣ ከሰል እንድናቀጣጥልላቸው ጠየቁን። ያን ማታ ሦስተኛው በረካ እስኪወርድ ተቀመጥን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።